በእኔ በኩል የተገኘው ዝምድና

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኪያ ባንታየሁ
ካምፓላ

የኔ ዓለም ኪያዬ፣

«ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን በዚህ ቤት ውሸት በዝቷልና ተውኩት። ደህና አይደለሁም። አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው። ደሜ ፈልቶ ሰነበተ። ይበርዳል ብዬ ብጠብቀው አልበርድ አለኝ።

ለምን አልደወለችም ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ ድምፄ ከፍ ሲል «ማሚ፣ ፕሊስ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት አይዘጋም። አማርኛው ከከበደሽ እንደ ልጅነትሽ በጣትሽ እየተከተልሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የምታመጣልሽ ሶፍያ ናት፣ ያቺ አየር መንገድ የምትሠራው ጎረቤታችን። ቅዳሜ ወደ እናንተ ትበራለች። ዐቢይ ጾም ሳይገባ እጅሽ እንዲገባ ነው የተጣደፍኩት፤ ጾሙ ሲገባ ስግደትሽን እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ጉልበትሽ አብጦ ሐኪም ቤት መሄድሽን የነገረችኝም ሶፍያ ናት። አንቺማ መች ትናገሪና።

ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። አንቺና አቤል ዘመድ አይደላችሁም። በሰባት ቤትም በሰባ ቤትም አትገናኙም። የወደድሽው ወንድምሽን አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰገድሽው ላልሠራሽው ኃጢአት ነው።

እሺ፣ አሁን ተቀመጪና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የአቤል ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ትዝ ይልሻል። አንቺ ጓዳ ሆነሽ በበሩ ቀዳዳ ታያለሽ፤ እኔ «ዞር በይ፣ ነውር ነው» እያልኩ ራሴ በትከሻሽ ላይ አያለሁ። የመሩት ጋሽ ሐብተማርያም ነበሩ፣ እነዚያ ዌስትላንድስ ትልቁ ምግብ ቤት ያላቸው። ዛሬ «ጋሽ» ማለት ይከብደኛል፣ ግን አንቺን ያሳደግሁበትን ደንብ አላፈርስም። ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ፣ አባትሽ ተቀመጡ አላቸው፣ ሁሉም እንደ ወጉ ሄደ። ቀጥለው «ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት እንቁጠር» አሉ። አባትሽ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እዚህ አገር ነጩም ጥቁሩም፣ ሐበሻውም በእጅ ሙያው «ፉንዲ ባንታ» ነው የሚለው፤ የአባቱን ስም የጠየቀው ሰው ከስንት ዘመን በኋላ መጣ። ደረቱን ነፍቶ ቆጠረላቸው። ባንታየሁ፣ አወቀ፣ ዋሴ፣ ይግዛው። ይግዛው ላይ ሲደርስ ቆም አለና «ይግዛው እንኳ በአገሩ ስመ ጥር ነበር፤ ዛሬም እኛ ዘንድ ጥሩ ማረሻ ያየ ገበሬ ‹የይግዛው እጅ ነው› ይላል» አላቸው።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ስለ ዝምድና ቢጠይቁት ስለ ሙያ ነገራቸው። እኔ ድስቱን ይዤ ስገባ ጋሽ ሐብተማርያም አፋቸው ያደረሱትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡ። ሆዴን ነካ አድርጎኛል አሉ። ሌሎቹም ቢሆኑ ሆዳቸውን ነክቷቸው ነበር። ሦስት ሽማግሌ ባንድ ጊዜ ሆዱን ሲያመው ምን ይባላል? እኔ ሞኟ ጤና አዳም ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። አንቺ ስትስቂብኝ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ አባትሽን ብቻውን ኪሊማኒ እነ አቤል ቤት ጠሩት። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «ዝምድና ተገኘ» አለኝ። በማን በኩል ብለው መሬት መሬት እያየ «በአንቺ በኩል» አለኝ። የአያቴ ወገንና የአቤል እናት የሙሉዓለም ወገን መንዝ ላይ ይገናኛሉ ተባለ። አዲስ አበባ አክስቴ እጅ ያደግሁ፣ አያቴን በመልክ የማላውቅ ሰው በምን አፌ እከራከራለሁ? አመንኩ። አንቺም አመንሽ። ሳምንት ሳይሞላ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ፤ በአውቶቡስ አንድ ሌሊት የማይሞላ አገር ሄደሽ ሁለት ፋሲካ ሳትመጪ ቀረሽ። እኔም ልጄን ያሰደደብኝ የገዛ ደሜ ነው እያልኩ፣ የማላውቃትን አያቴን እየረገምኩ ኖርኩ። አፈር ይቅለላትና ምን አደረገችኝ እሷ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የምሸጠውን በርበሬ የሚወስዱት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ቀሩ። አንዷ ኮረሪማው በዛ አለችኝ፣ አንዷ ቀለሙ ደበዘዘብኝ አለችኝ። እኔም ያንኑ በርበሬ ሦስቴ ቀይሬ አስፈጨሁ። የማኅበሩ ጽዋ ተራ ወደ እኛ ሲደርስ ደግሞ «ውዴ፣ አንቺ ልጅሽ ርቃብሽ አዝነሻል፣ እረፊ፤ እኛ እንደግስልሻለን» ይሉኛል። አዝነውልኝ መስሎኝ እጅ ነስቼ አመሰግናቸዋለሁ። አመስጋኟን ታያታለሽ?

በጥር መጨረሻ የአቤል አባት ጋሽ መኳንንት አረፉ። ነፍስ ይማር፣ እሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዚያ ቤት ግን ቃል ያላት ሚስታቸው ናት። እኔና አባትሽ ዘመድ ተብለናል፣ ዘመድ ደግሞ የሚታወቀው በለቅሶ ቀን ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከፊት ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ። ሙሉዓለም «እህቴ፣ እህቴ» እያለች አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እኔም ለእሳቸውም ለአንቺም ባንድ ላይ አለቀስኩ። አባትሽ ከወጣቶቹ ጋር ድንኳን ተከለ። ያን ድንኳን ታውቂዋለሽ፣ የማኅበሩ ነው፤ ብረቱን በሙሉ በነጻ የበየደው እሱ ነው። ጋሽ ሐብተማርያም ሥሩ ተቀምጠው፣ እኔ ስሰማ፣ «ዘመድ ማለት እንዲህ ነው» ብለው ባረኩን።

ሠልስቱ ረቡዕ ዋለ። ጾም ስለሆነ በትልቁ ድስት ምስር ወጥ ሠርቼ፣ በማታቱ ሚኒባስ አይሆንም ብዬ ታክሲ ይዤ ኪሊማኒ ወሰድኩ። ድስቱን ለልጆቹ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ጭልፋ ረስቼ ነበርና ልሰጣቸው ወደ ጓዳ ሄድኩ። የአቤል ታናሽ እህት ሐሊና ለሠራተኛዋ ስትናገር ሰማኋት። ይህን ድስት ለይተሽ አስቀምጪው፣ ማሚ እንግዳ እንዳይበላው ብላለች፣ ለአስካሪዎቹ ይሰጣል አለቻት። በሩ ላይ ለሚቆሙት ዘበኞች ማለቷ ነው። ለሐበሻ ሆድ የማይሆን ለኬንያ ሆድ ይሆናል ማለት ነው እንግዲህ። በአገራቸው እየኖርን፣ እንጀራቸውን እየበላን እንዲህ ነው የምናስባቸው።

«ሐሊና፣ የዘመድ ወጥ ለምን ይለያል?» አልኳት።

ልጅቷ ክው አለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ መዋሸቱን ገና አልለመደችውም። «አንቲ ውዴ፣ ሶሪ» አለችኝ። «እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ግን እኮ ዘመድ አይደላችሁም። እንዳታፍሩ ተብሎ ነው እንደዚያ የተባለው። ጋሽ ባንታ ቀጥቃጭ ናቸው፣ ቡዳ ምናምን ይላሉ…» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

አንቲ ትለኛለች፣ አየሽ። አክስት ሆኜ ነው ወጤ ለዘበኛ የሚሰጠው። ዘበኞቹስ እግዜር ይስጣቸው፣ ድስቱን ጠርገው በሉት፤ በዚያ ግቢ ወጤን ያመሰገነልኝ ሰው እነሱ ብቻ ናቸው።

ኪያ፣ «ቀጥቃጭ» የምትለዋን ቃል አንቺ እዚህ ስላደግሽ ክብደቷን አታውቂው ይሆናል። ብረት የሚቀጠቅጥ ማለት ነው፣ ቃሏ በራሷ ምንም የላትም። እዚህ «ፉንዲ» ሲሉት ሰው ተነስቶ እጁን ይጨብጠዋል። ያው ሰው፣ ያው እሳት፣ ያው መዶሻ፤ በእኛ አፍ ሲጠራ ግን ሰው ምግቡን ይሸፍናል፣ ልጁን ይደብቃል፣ በዐይኑ በላኝ ይላል። አባትሽ ገና ስንተዋወቅ ነግሮኛል። «እኛን በአገራችን ሰው አያገባንም» ሲለኝ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» አልኩትና አብረን ሳቅን። የተጋባነው በዚያች ሳቅ ነው። እኔ ነገሩ ሁሉ ድንበር ላይ የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሰዎቹ ከበርበሬና ከሽሮው ጋር አብረው ጭነውት መጥተዋል።

ከጓዳ ስወጣ አቤል ግቢው በር ጋ ሰው ሲሸኝ አገኘሁት። ጎትቼ ወደ ዳር ወሰድኩት። ኪያ ዘመድህ ናት ወይስ አይደለችም ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ አይደለችም አለኝ። መቼ አወቅህ አልኩት። ያኔውኑ አለኝ።

«እትዬ ውዴ፣ ምን ላድርግ? እማማ ከእነሱ ከተጋባህ እሞታለሁ አለችኝ።»

እናቱ ይኸው አልሞተችም፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ኪያዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፣ እሱንም ጠየቅሁት። ካምፓላ በገባሽ በወሩ «ስለ ነፍሳችን አንተም ስገድ» ብለሽ እንደጻፍሽለት አልቅሰሽ ነግረሽኝ ነበር። ምን ብለህ መለስክላት አልኩት።

«‹እሺ› ብዬ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የተናገረው ግማሹ አልተሰማኝም። ስልክሽን ቀይረሻልና አዲሱን እንድሰጠው ለመነኝ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ብዙ እንዳሰበ፣ ሌላ አገር ሄዳችሁ ብትጋቡ ማንም እንደማያውቅ ነገረኝ። ማንም አያውቅም አለኝ! ልጄ ምን የሚደበቅ ነገር አለባት? ስልክሽን አልሰጠሁትም። መጀመሪያ እውነቱን እሷ ትስማ፣ ከፈለገችህ ራሷ ትፈልግሃለች ብዬው ሄድኩ። ስወጣ ጋሽ ሐብተማርያምን ከሽማግሌዎቹ መካከል አየኋቸው። አልቻልኩም። ሰው እየሰማ «ጋሽ ሐብተማርያም፣ ሆድዎን ተሻለዎት?» አልኳቸው። ሌላው ሰው ግራ ገባው። እሳቸው ግን ገብቷቸዋል፤ መቁጠሪያቸውን አውጥተው ጸሎት ላይ ያሉ መሰሉ።

በቀጥታ ወደ አባትሽ ወርክሾፕ ነው የሄድኩት። ለአንድ ሆቴል የመስኮት ብረት እየበየደ ነበር። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀልኩበት። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ ገና ፊቴን ሲያይ ገባው። መጥፎ ቃል ሁሉ ተናገርኩት፣ አልደግመውም። ለምን በእኔ በኩል አልክ፣ ለምን የራስህን ነገር በእኔ አያት ላይ ጫንከው አልኩት። ሽማግሌዎቹ እንደመረጡት ነገረኝ። በአንቺ በኩል የሚከራከር ወገን የለም ብለው ነው አለኝ። እስኪ አሁን ይህን ምን ትዪዋለሽ?

«ውዴ፣ ሁለት ስም አቀረቡልኝ» አለኝ። «ወይ ዘመድ ትባላለች፣ ወይ ቡዳ ትባላለች። እኔ ያደግሁበትን ስም ለልጄ ልስጣት?»

ከዚያ የብየዳ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አወረደው። ማሽኑ ተነቅሏል፣ የሚበየድ ነገር የለም፣ እሱ ግን ጭንብሉን አውርዶ ቆመ። እኔም ጭንብሉን አላነሳሁበትም፤ ሶኬቱን መልሼ ሰክቼለት ወደ ቤት ሄድኩ።

አሁንም አኩርፌዋለሁ። ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ እሱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ እኔ ወደ ጓዳዬ እመለሳለሁ። ግን አንቺ አትቀየሚው። እሱ ከትንሽነቱ ጀምሮ ሰው ውኃ በእጁ ቀድቶ የማይሰጠው ልጅ ነበር፤ ያን ፈርቶልሽ ነው ሌላ እሳት ውስጥ የከተተሽ። እነሱን ነው እኔ ይቅር የማልለው። በድፍረት ቡዳ ብለው ቢያዋርዱን እንኳ ይሻለኝ ነበር። በዝምድና ስም አቅፈው፣ ስመው፣ መርቀው ነው የገፉን፤ እኛም የተገፋንበትን እጅ ስንስም ኖርን።

ለሠርግሽ ጀምሮት የነበረው የብረት አልጋ ትዝ ይልሻል? ሁለት ዓመት ሸራ ለብሶ ወርክሾፑ ጥግ ቆሟል። አይሸጠውም፣ አይጨርሰውም፤ ደንበኛ ሲጠይቀው የሰው ነው ይላል። ዛሬ የነነዌ ጾም ተፈታና ምሳውን ልወስድለት ብሄድ ሸራው ተነስቷል። መሃሉን ቆርጦ አጥብቦታል፣ የአንድ ሰው አልጋ አድርጎታል። ራስጌውን ነጭ ቀብቶታል። ምን እየሠራህ ነው ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን ኩርፊያ ላይ ነኝ። ብቻ አንቺ ክፍል በር ላይ ስፋቱን በሜትር ሲለካ አይቼዋለሁ።

አሁን የአቤልን ነገር ልጨርስ። አግቢውም አታግቢውም አልልሽም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ነው። አታግቢው እላለሁ። ግን ሕይወቱ ያንቺ ነው፣ ልብሽም ያንቺ ነው፤ ብታገቢውም በሬ አይዘጋብሽም። አታግቢው የምለው እናቱን ስለፈራ አይደለም፤ እናቱን የማይፈራ ማን አለ። ያቺ «እሺ» ናት እኔን ያቃጠለችኝ። አንቺ ስትወድቂ ስትነሺ ልብሱን ለብሶ ሥራ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ኳስ ያያል፣ እውነቱ በኪሱ ነው። አንዲት ቃል ብትወጣው ጉልበትሽ ይድን ነበር።

ለንስሐ አባትሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው። እሳቸው የነገርሻቸውን ይዘው ነው፣ ጥፋት የለባቸውም። መስገድ ከወደድሽ ለአምላክሽ ስገጂ፤ ለጋሽ ሐብተማርያም ውሸት ግን አትስገጂ። ጉልበትሽን በዘይት እሺው፣ ሐኪሙ ያዘዘልሽንም አታቋርጪ። ለፋሲካ ነይ። በርበሬ የሚገዛኝ ሐበሻ ባይኖርም አሁን አንድ የሶማሌ ምግብ ቤትና ሁለት የኬንያ ሱቆች ይወስዱልኛል፤ ቀለሙንም ኮረሪማውንም ወደውታል። በመጋቢት ደግሞ የጽዋው ተራ የእኛ ነው። እረፊ ሲሉኝ አላርፍም። እደግሳለሁ፣ በሬን እከፍታለሁ። የመጣ ይብላ፣ ካልመጡ ግን ኪሊማኒ ድረስ ወስጄ ለእነዚያ ዘበኞች አቀርባለሁ፤ እነሱ ሆዳቸውን አያማቸውም።

አንድ ቀን ልጅ ትወልጂ ይሆናል፤ አባቱ ማንም ይሁን። አድጎ ማን ነኝ ሲልሽ አትደናገሪ፣ ቁጠሪለት። ኪያ፣ ባንታየሁ፣ አወቀ፣ ዋሴ፣ ይግዛው፣ ልየው፣ አዲሴ። ሰባት ሞላ። ይግዛው ላይ ስትደርሺ ልክ እንደ አባትሽ ቆም በይና ማረሻውን ንገሪው።

የቆምሽበት መሬት ይጽናልሽ። በሰው ፊት አንገትሽን አያስደፋሽ፤ የሚያፍር ካለ የዋሸው ይፈር። ጉልበትሽን ይማርልኝ፣ በእግርሽ ቤትሽ ያግባሽ።

እናትሽ ውዴ፣
የቀጥቃጩ ባንታየሁ ሚስት